ለጆሮ የሚነገር፣ ለዓይን የሚጻፍ አማርኛ

የቀድሞው አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ሲል ነገሩን የሚያረዝምበት ጊዜ አልነበረውም። በገበያ ጫጫታ መካከል የሚነገር ቃል አጭርና በቀላሉ የሚያዝ መሆን ነበረበት። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ነጋሪቱ ስሙን ለወረቀቱ አወረሰ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ረዘመ። አንባቢ ያልገባውን መስመር ተመልሶ ሊያነበው ይችላልና።

የራዲዮ አድማጭ ይህ ዕድል የለውም። በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲሆን ክልከላውም ከግሡ ጋር ተያይዞ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ለአብነት ያህል «ዩሪያ ማዳበሪያ በዘር ወቅት ከዘሩ ጋር ተነካክቶ በአንድ ትልም ውስጥ እንዲቀመጥ አይመከርም» የሚል ምክር ቢተላለፍ፣ እርፍ ጨብጦ በሬ እየነዳ የሚያዳምጥ ገበሬ የመጨረሻዋ ቃል ካመለጠችው የያዘው የምክሩን ተቃራኒ ነው። ዘሩም ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። «ዩሪያንና ዘርን አታነካኩ» ተብሎ ቢጀመር፣ ምክንያቱም ከዚያ ቢከተል፣ አደጋው ይቀንሳል። ከጽሕፈት ቤት የወጣን መግለጫ እንዳለ በራዲዮ ማንበብ የማያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጽሑፍም የሚያጎድለው አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ሊቀ መንበሩ ነገ ይጠራል» የሚል የስልክ መልእክት የደረሰው የማኅበር አባል፣ ሊቀ መንበሩ ሌላ ሰው ይጥራ ወይስ ራሱ ይጠራ እንደሆነ ከፊደሉ ብቻ አይረዳም። በቃል ሲነገር ግን «ጠ» ከላላች ጠሪው፣ ከጠበቀች ተጠሪው ሊቀ መንበሩ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል፤ «ጠፋ» እና «ተፋ» አንድ ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ ውስጥ ተካቷል፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የግብርና መረጃ የስልክ መስመር የሁለቱን ጥቅም በአንድነት ይዟል። ገበሬው ቁጥር እየነካ የሚፈልገውን ሰብል ይመርጣል፣ ምክሩን በድምፅ ይሰማል፣ ካልገባው መልሶ ይደውላል። ማንበብ የማይችልም አይቀርበትም።

በቴሌግራም የሚላክ የድምፅ መልእክትም የሚጠብቀውንና የሚላላውን ወደ ቦታው መልሷል። የእህል ዋጋ በድምፅ ሲላክ ግን የጤፉን ብቻ የሚሻ ሰው የስንዴውንም የበቆሎውንም ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ዋጋ በጽሑፍ ቢላክ ይመረጣል።