የሚፈስ ዘይት፣ የሚያመልጥ ዘይት፦ ከሳንሆዜ ተራሮች እስከ ወረኢሉ

ከሳንሆዜ ተነሥቶ በአውራ ጎዳና 17 ወደ ሳንታ ክሩዝ የባሕር ዳርቻ የሚጓዝ ሰው፣ ሎስ ጋቶስን አልፎ ተራራውን መውጣት ሲጀምር ሙዲ ገልች ከሚባል ጠባብ ሸለቆ አጠገብ ያልፋል። ዛሬ ቦታው ጫካ በመሆኑ ታሪኩን የሚያውቅ ካልሆነ በቀር ልብ የሚለው የለም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ግን በዚህ ሸለቆ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነዳጅ ዘይት ይቀዳ ነበር። ከሳንሆዜ በስተደቡብ፣ ከጊልሮይ ከተማ ወዲያ ባሉት የሳርጀንት ኮረብቶች ደግሞ ጥቁር ሬንጅ ዛሬም ያለ ቆፋሪ ከመሬት እየወጣ በሣሩ መካከል ይንቀረፈፋል። የምድሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት አማህ ሙትሱኖች ስፍራውን ጁሪስታክ ብለው ይጠሩታል፤ እንደ ቅዱስ ምድርም ያከብሩታል።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚመጣበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ላይ ላዩ ይህን ያህል ከፈሰሰ፣ ከሥር ምን ያህል ይኖር ይሆን? በደቡብ ወሎ፣ በወረኢሉ አካባቢ ከመሬት ስለሚመነጨው ዘይት በተነሣ ቁጥርም በአገር ቤትና በውጭ ባለው ወገናችን መካከል የሚደመጠው ይኸው ጥያቄ ነው። የወረኢሉው ዘይት ተራ ወሬ አይደለም፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ናሙና ወስደው መርምረውታል። ይሁን እንጂ ከመሬት የሚወጣ ዘይት ሁለት መልእክቶችን በአንድነት ይዞ ይመጣል። በአካባቢው ዘይት መሠራቱን ያበሥራል፤ እየሸሸ መሆኑንም ያረዳል። ሁለተኛውን መልእክት ብዙ ሰው አይሰማም።

ነዳጅ ዘይት ከምድር በታች እንደ ሐይቅ ተኝቶ አይገኝም። የሚኖረው በድንጋይ ውስጥ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው በሕይወት ነው። የካሊፎርኒያን አብዛኛውን ዘይት ያስገኘው ሞንቴሬይ የሚባለው የአለት ንብርብር ነው። ከ17 እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬይቱ ካሊፎርኒያ ብዙው ክፍል ባሕር ነበረ። በዚያ ባሕር ዳያተም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ስፍር ቁጥር በሌለው ብዛት ይራቡ ነበር። ሲሞቱ ወደ ባሕሩ ወለል ሰመጡ። ወለሉ ኦክስጅን ያነሰው ስለነበር ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ ከጭቃው ጋር ተቀበሩ። ጭቃው ዘመናትን ቈጥሮ ድንጋይ ሲሆን፣ የሕያዋኑ ቅሪት ኬሮጅን ወደሚባል ጠጣር ቁስ ተለወጠ። ኬሮጅን ገና ዘይት አይደለም፤ እሳት ያልነካው ጥሬ ነው።

እሳቱ የምድር ውስጥ ሙቀት ነው። በአማካይ በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። አዳዲስ ደለል ከላይ እየተከመረ ኬሮጅን ያለበትን አለት ወደ ታች ሲጫነውና ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ኬሮጅኑ ቀስ በቀስ እየተሰባበረ ዘይት ይሆናል። ከ150 ዲግሪ ካለፈ ዘይቱ ራሱ ተሰባብሮ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ወጥ የሠራ ሰው ይህን አያጣውም፦ እሳቱ ካነሰ ጥሬ ነው፣ ከበዛ ያርራል። ልዩነቱ ይህኛው ማብሰያ ሚሊዮን ዓመታትን መጠየቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የስደት ታሪክ ነው። ጠጣሩ ኬሮጅን ወደ ፈሳሽና ወደ ጋዝ ሲለወጥ በአለቱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በጥቃቅን ስንጥቆች አሳልፎ ከተወለደበት አለት ያስወጣዋል። በአቅራቢያው አሸዋ ድንጋይ ካገኘ እዚያ ይገባል። ደረቅና ጥብቅ መስሎ የሚታየው አሸዋ ድንጋይ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል እጅግ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ውኃ የተሞላ የሸክላ እንስራ በጎኑ የሚያልበው በእንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ነው። ከመሬት በታች እነዚያን ቀዳዳዎች አስቀድሞ የያዛቸው ጨዋማ ውኃ ነው። ዘይት ደግሞ ከውኃ ይቀላል። የኑግ ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ፣ ነዳጅ ዘይቱም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እየተንሳፈፈ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይወጣል። ጉዞው አሥርና መቶ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዘይት የሚገኝበት ስፍራና ዘይት የተሠራበት ስፍራ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ማን ያስቆመዋል? ክዳን ካላገኘ ማንም። ቀዳዳው እጅግ የጠበበ የሸክላ አለት ወይም የጨው ንብርብር ከላይ ሲገጥመው፣ አለቱም እንደ ጉልላት የታጠፈ ሲሆን፣ ዘይቱ ከጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል። ጠላ የጠነሰሱ እናቶቻችን ይህን የሚያውቁት በምርጊት ነው፤ የጋኑ አፍ በሚገባ ካልተመረገ ውስጡ ያለው ይተነፍሳል። በምድርም ውስጥ ከተሠራው ዘይትና ጋዝ ተይዞ የሚቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ብዙው በመንገድ ላይ ይበተናል ወይም ወደ ምድር ገጽ ወጥቶ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ከሳንታ ክሩዝ ከተማ በስተሰሜን፣ በአውራ ጎዳና 1 ዳር ወዳለው የሎ ባንክ የባሕር ዳርቻ ይውረድ። በዚያ ገደል ላይ የሚታየው በአንድ ወቅት ከምድር በታች የነበረ ዘይት ያዘለ አሸዋ ነው። ከታች በነበረው ታላቅ ግፊት የተነሣ አሸዋው ከላይ የከደነውን ጭቃ ድንጋይ ሰንጥቆ ገብቷል፤ ዘይቱም በዚያው በተሰነጠቀው ክዳን በኩል ተከትሏል። ጋኑም፣ ምርጊቱም፣ ስንጥቁም በአንድ ገደል ላይ ይነበባሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከሳንታ ክሩዝ አካባቢ እየተፈለጠ የወጣ እንዲህ ያለ ሬንጅ የጠጣ አለት የሳን ፍራንሲስኮን ጎዳናዎች አንጥፏል።

የባሕረ ሰላጤው ምድር ክዳን ስንጥቁ ብዙ ነው። ሳን አንድሬያስ የሚባለው ታላቅ የምድር ስንጥቅ በሳንታ ክሩዝ ተራሮች ያልፋል፤ ሄይዋርድ የሚባለውም ኦክላንድን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 17 ቀን 1989 የሎማ ፕሪዬታን ርዕደ መሬት ያስከተለው ግፊት፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አለቶቹን አጥፎና ቈራርጦ ለዘይቱ ማምለጫ በር ከፍቶለታል። በ1967 ከኦክላንድ በስተምሥራቅ በሊቨርሞር የተገኘው የዘይት መስክም ትንሽ ነው። ከኦክላንድ በስተሰሜን በሪችመንድ ከ1902 ጀምሮ የሚሠራው ግዙፍ ማጣሪያ የሚያጣራው በመርከብ ከሩቅ የሚመጣ ድፍድፍ ነው፤ በጎረቤቱ ካሉት ተራሮች የሚንጠባጠበው ለአንድ ቀንም አይበቃውም።

ምንጩን፣ መንገዱን፣ ማከማቻውንና ክዳኑን እንደ አንድ ሥርዓት አድርጎ የማየቱ ስልት የተብራራውም በዚሁ አካባቢ ነው። በሳን ፍራንሲስኮና በሳንሆዜ መካከል በምትገኘው ሜንሎ ፓርክ፣ በአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ሌስሊ ማጉን ከዋላስ ዳው ጋር ሆኖ በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር አጥብቆ አሳስቧል፦ ጊዜ። አራቱ ነገሮች ተሟልተው እንኳ ጉልላቱ የታጠፈው ዘይቱ ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ወጥመዱ ባዶ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ኦጋዴን ስንመለስ፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የካሉብንና የሂላላን መስኮች ሲያገኝ ምን እንዳገኘ ይገባናል፤ ያገኘው ያልተሰነጠቀ ክዳን ነው። በካሉብ ጋዙ ከተከማቸባቸው አለቶች አንዱ ስሙን ከትግራዩ አዲግራት የወሰደው አሸዋ ድንጋይ ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የድፍድፍ ዘይት የሙከራ ምርት ተጀመረ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ከግኝቱ እስከ ምረቃው ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ለዚህ መዘግየት ግን ተጠያቂው አለቱ አይደለም።

የወረኢሉ ነገር ከዚህ ይከብዳል። በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚታዩት የአሸዋና የኖራ ድንጋዮች በወሎ ደጋ ሥርም አሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ወፍራም የእሳተ ገሞራ አለት ከላይ ተጭኗቸዋል። ከመሬት በታች ያለውን ለመመርመር የሚላከው የድምፅ ሞገድ በዚህ ጥቁር አለት ውስጥ ይበታተናል፤ ተመልሶ የሚያመጣውም ምስል የደበዘዘ ነው። የዘይቱ ጠብታ በኬሚካዊ አሻራው ከየትኛው ዓይነት ምንጭ አለት እንደተወለደ ሊናገር ይችላል። ከመንገዱ ላይ የተያዘ ወንድም እንዳለው ለማወቅ ግን የጥቁሩን አለት ሥር ማየት፣ በመጨረሻም መቆፈር ያስፈልጋል።