አንዲት «ኒሽት» ትርጉሙን ስትገለብጠው፦ ማሳመንና መከልከል በጀርመንኛ

ጀርመንኛ እየተማራችሁ ነው? ለአውስቢልዱንግ፣ ለነርስነት፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይስ ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል? እንግዲያው ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ብዙዎቻችን ጀርመንኛ የምንናገረው በሁለት ዙር ነው። በአማርኛ እናስባለን፣ በጭንቅላታችን ወደ እንግሊዝኛ እናዞረዋለን፣ ከዚያ ወደ ጀርመንኛ እንወስደዋለን። «ዳቦ ገዛሁ» ለማለት ይሄ መንገድ ብዙም አይጎዳም። ሰውን ስለ ማሳመን፣ ስለ መገፋፋትና ስለ መከልከል ስናወራ ግን ነገሩ ይበላሻል። ሐኪሙ «አትውሰጂ» ያለውን መድኃኒት «ውሰጂ ብሎኛል» ብሎ እስከ መናገር ያደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የጀርመንኛ ቃላቱን በፊደል የጻፍናቸው ለንባብ እንዲቀሉ ነው። ድምፁ ተቀራራቢ እንጂ ልክክ ያለ አይደለም። ትክክለኛውን ድምፅ ድምፅ ካለው የስልክ መዝገበ ቃላት አድምጡ።

1. የእንግሊዝኛው ዘዴ ጀርመን አይሠራም

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ በጣም ምቹ ነው። አንድ ግሥ ይወስድና «ኢንቱ» ሲጨምርበት ሰውየውን ወደ ድርጊቱ ያስገባዋል፤ «አውት ኦፍ» ወይም «ፍሮም» ሲል ደግሞ ያስወጣዋል። ከዚያ መጨረሻ ላይ «ኢንግ» ያለው ግሥ ይመጣል፣ አለቀ። በማውራት ማስገባት፣ በማታለል ማስገባት፣ በማስፈራራት ማስገባት ሁሉም በአንድ ቅርጽ ይሄዳል።

ጀርመንኛ ያ «ኢንግ» የለውም። በምትኩ ድልድይ የምትሆን ትንሽ ቃል ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ ድርጊቱን በ«ፁ» ያመጣዋል። ድልድዮቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፦

«ዳፁ»፦ ወደዚያ ነገር (ሲገፋፉ)
«ዳፎን»፦ ከዚያ ነገር (ሲያርቁ)
«ዳራን»፦ እዚያ ነገር ላይ (ሲያግዱ)

የትኛው ግሥ የትኛውን ድልድይ እንደሚወስድ ከግሡ ጋር አብሮ መያዝ ነው። ግሡን ለብቻው ብትሸመድዱት ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት።

2. አሳመነኝ ወይስ አግባባኝ?

እንግሊዝኛው «ፐርስዌድ» ብሎ የሚያልፈውን ጀርመንኛ ለሁለት ይከፍለዋል።

«ዩበርፆይገን» በማስረጃና በምክንያት ማሳመን ነው። ውስጡ ያለው «ፆይገ» ምስክር ማለት ነው፤ ጥንት ቃሉ በፍርድ ቤት አንድን ሰው በምስክር መርታት ማለት ነበር። ዛሬም ያ መንፈስ አለው፦ ሰውየው አምኗል።

«ዩበርሬደን» ደግሞ ከ«ሬደን»፣ ማለትም ከመናገር የመጣ ነው። አውርቶ አውርቶ እሺ ማሰኘት። ሰውየው ልቡ ላያምን ይችላል፤ ጭቅጭቁ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል እሺ ያለው። የእኛው «አግባባኝ»፣ «ጨቅጭቆ እሺ አሰኘኝ» ይቀርበዋል።

ይሄ የት ይጠቅማል? የማመልከቻ ደብዳቤ ስትጽፉ። «ጓደኛዬ ነርስ እንድሆን ዩበርሬደት አደረገችኝ» የሚል መልእክት ከላካችሁ፣ አንባቢው የሚረዳው «እኔ እንኳን ብዙ አልፈለግሁም ነበር፣ ተጨቅጭቄ ነው» ብሎ ነው። «ሥራውን ሳየው ለእኔ ትክክለኛው ሙያ እንደሆነ ዩበርፆይክት ሆንኩ» ካላችሁ ግን አስባችሁበት የመጣችሁ ሰው ናችሁ።

ድልድያቸውም ይለያያል። «ዩበርሬደን» ከ«ዳፁ» ጋር ይሄዳል፤ ወደ ድርጊት ይገፋል። «ዩበርፆይገን» ከ«ዳፎን» ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ከኋላው «ዳስ» ይከተላል፤ አንድ ነገር እውነት እንደሆነ ማሳመን ነውና።

ሌላ ነጥብ። በአማርኛ «አባበልኩት፣ አባበልኩት፣ እምቢ አለኝ» ማለት ይቻላል። በጀርመንኛ ግን «ዩበርሬደት» ካላችሁ ሰውየው እሺ ብሏል ማለት ነው። ሞክራችሁ ካልተሳካ «ሞከርኩ» የሚለውን «ፌርዙኽት» መጨመር አለባችሁ።

3. «አታልሎ አስፈረመው» እንዴት ይባላል?

እዚህ ጋ አማርኛ የሚችል ሰው ዕድለኛ ነው። እኛ «አታልሎ አስፈረመው»፣ «አስፈራርታ አስወጣችው» እንላለን። መጀመሪያ ዘዴው፣ ቀጥሎ ውጤቱ። ጀርመንኛም ተመሳሳይ ነው የሚያስበው። ችግሩ እንደ «አስ» ያለ ለሁሉም ግሥ የሚሆን አጭር ቅጥያ የለውም። ስለዚህ «ዳፁ ብሪንገን» ይላል፦ ወደዚያ ማድረስ።

«ዚ ሃት ኢን ሚት አይነም ትሪክ ዳፁ ጌብራኽት፣ ፁ ኡንተርሽራይበን።» በዘዴ አታልላ አስፈረመችው ማለት ነው። ዘዴው «ሚት» ብሎ ይገባል፣ ውጤቱ በ«ዳፁ ጌብራኽት» ይመጣል። ማስፈራራትም ይሁን ልመና፣ ገንዘብም ይሁን እንባ፣ ቅርጹ ያው ነው። የምትፈልጉት ልዩ ግሥ ሲጠፋባችሁ ይቺን ያዙ፤ የእንግሊዝኛውን «ኢንቱ» ሁሉ ማለት ይቻላል ትሸፍንላችኋለች።

«ላሰን» የሚለውን ግን በጥንቃቄ። እሱ «አስደረገ»ም «ፈቀደ»ም ይሆናል። «ኤር ሊስ ሚሽ ኡንተርሽራይበን» ስትሉ «አስፈረመኝ» ነው ወይስ «እንድፈርም ፈቀደልኝ»? ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ውል፣ ፖሊስ ወይም ጠበቃ ያለበት ጉዳይ ከሆነ «ዳፁ ብሪንገን» ይሻላል።

4. አንድ «ከለከለ»፣ ብዙ ጀርመንኛ

በአማርኛ አባት ልጁን ይከለክላል፣ ዝናብም ይከለክላል። ሕግም ይከለክላል፣ በሽታም ከሥራ ይከለክላል። ጀርመንኛ ይለያቸዋል፦

«ፌርቢተን»፦ በቃል ወይም በሕግ መከልከል። የሚከለክለው ሥልጣን ያለው አካል ነው። ዝናብ «ፌርቢተን» አያደርግም።

«ሂንደርን» ከ«ዳራን» ጋር፦ ሰውየው ማድረግ እንዳይችል ማገድ። በር መዝጋት፣ እጅ መያዝ፣ መንገድ መዝጋት። ዝናቡም እዚህ ይገባል፦ «ዴር ሬገን ሃት ሚሽ ዳራን ጌሂንደርት፣ ፁ ኮመን።»

«አብሃልተን» ከ«ዳፎን» ጋር፦ ከድርጊቱ ማስቀረት፣ መግታት። በኃይልም፣ በፍርሃትም፣ በሐሳብም ሊሆን ይችላል።

«አብራተን» ከ«ዳፎን» ጋር፦ «ባታደርገው ይሻላል» ብሎ መምከር። ውሳኔው የሰሚው ነው።

«አውስሬደን»፦ የ«ዩበርሬደን» ተቃራኒ። አውርቶ ሐሳብ ማስቀየር። «ዚ ሃት ሚር ዲ ራይዘ አውስጌሬደት»፦ ጉዞውን አስተወችኝ።

«ፌርሂንደርን»፦ እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል። እንግሊዝኛው «ፕሪቨንት» ሰውንም አደጋንም ይይዛል። ጀርመንኛው «ፌርሂንደርን» ግን የሚከለክለው ክስተቱን ነው፦ አደጋን፣ ጦርነትን፣ መውደቅን። ሰውየውን ለማገድ «ሂንደርን» ነው። አማርኛችንም ቀረብ ያለ ልዩነት አለው፦ አደጋን እንከላከላለን፣ ሰውን እንከለክላለን። ለበሽታና ለመሳሰሉት ደግሞ አስቀድሞ መከላከል «ፎርቦይገን» የሚባል ራሱን የቻለ ግሥ አለው።

ሰው «ኢሽ ቢን ላይደር ፌርሂንደርት» ካላችሁ አትደንግጡ፣ «አልመችም፣ መምጣት አልችልም» ማለቱ ነው። በእንክብካቤ ሥራ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ «ፌርሂንደሩንግስፕፍሌገ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ቤት ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ራሱ ሲታመም ወይም ለእረፍት ሲሄድ፣ ተተኪ አስታማሚ እንዲገኝ የእንክብካቤ መድን የሚከፍለው ድጋፍ ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ በአማርኛ «መከረኝ»ም «ከለከለኝ»ም በአንድ «ኝ» ያልቃሉ። በጀርመንኛ «አብራተን»፣ «አውስሬደን» እና «ፌርቢተን» ሰውየውን በ«ሚር» ይይዙታል፤ «ዩበርሬደን»፣ «አብሃልተን» እና «ሂንደርን» በ«ሚሽ»።

5. ዋናው ወጥመድ፦ «ኒሽት»

አሁን ወደ ከባዱ መጣን። በአማርኛ ስንከለክል ሁለት ጊዜ ነው የምንከለክለው። «እንዳልሄድ ከለከለኝ» ስንል «ከለከለኝ» ውስጥ እገዳ አለ፣ «እንዳልሄድ» ውስጥም አፍራሽ አለ። ለእኛ ትክክል ነው፤ እንዲያውም «እንድሄድ ከለከለኝ» ጆሮ ይጎረብጣል።

ጀርመንኛ ግን ይቆጥራል። አንድ እገዳ ሲደመር አንድ «ኒሽት» ይጣፋሉ፣ ውጤቱ ተቃራኒ ይሆናል።

ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዳትወስዱ መከሯችሁ እንበል። «ዴር አርፅት ሃት ሚር ዳፎን አብጌራተን፣ ዳስ ሜዲካሜንት ፁ ኔመን» ትክክል ነው። «ኒሽት ፁ ኔመን» ብላችሁ ከጨመራችሁ ግን «አለመውሰዱን አልመከረኝም» ሆነ፤ ማለትም ውሰዱ ብሏል። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ጤና ላይ ነው የገባችው።

ታዲያ «ኒሽት» መቼ ትገባለች? ግሡ ራሱ ገለልተኛ ሲሆን። «ራተን» (መምከር)፣ «ቢተን» (መለመን)፣ «ዛገን» (መናገር) ውስጣቸው እገዳ የለም። ስለዚህ «ዴር አርፅት ሃት ሚር ጌራተን፣ ዳስ ሜዲካሜንት ኒሽት ፁ ኔመን» ልክ ነው።

ሕጉ ባጭሩ፦ ግሡ ውስጥ «ተው» ካለ «ኒሽት» አያስፈልግም። ግሡ ውስጥ «ተው» ከሌለ «ኒሽት» ያስፈልጋል።

እኛ ብቻ ነን እንዲህ የምንደጋግመው ብላችሁ አትሸማቀቁ። ጀርመኖች ራሳቸው በድሮ ጽሑፎቻቸው ከእነዚህ ግሦች በኋላ አንዳንዴ ትርፍ አፍራሽ ይጨምሩ ነበር። የዛሬው መደበኛ ጀርመንኛ ግን እንደ ስህተት ነው የሚያየው።

6. በሥራ ቦታ ዋጋ የሚያስከፍል ልዩነት

በአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠሩ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ይቺን አስምሩባት። የቀን ሪፖርት ላይ «አዛውንቱ እንዳይነሱ ከለከልኳቸው» ለማለት ፈልጋችሁ «ኢሽ ሃበ ዴን ፓፂየንተን ዳራን ጌሂንደርት፣ አውፍፁሽቴየን» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። እናንተ ያደረጋችሁት «አባባ፣ ባይነሱ ይሻላል» ማለት ብቻ ነው። የጻፋችሁት ግን አግጃቸዋለሁ የሚል ነው።

ጀርመን ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም። በተቋም ያለን ሰው ያለ ፈቃዱ ከአልጋው እንዳይነሳ በቀበቶ ወይም በአልጋ መከለያ ማገድ፣ ለረጅም ጊዜ ወይም በተደጋጋሚ ከሆነ፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለምናችሁ ከሆነ «ጌቤተን» በሉ፦ «ኢሽ ሃበ ዴን ፓፂየንተን ጌቤተን፣ ኒሽት አውፍፁሽቴየን።» እዚህ «ኒሽት» ልክ ነው፤ «ቢተን» ውስጥ «ተው» የለማ።

በቃ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሰውየው አምኖ ነው ወይስ ተጨቅጭቆ? የታገደው ሰው ነው ወይስ ክስተት? ግሡ ውስጥ «ተው» አለ ወይስ የለም? ሦስቱን ከመለሳችሁ፣ ግሡንም ድልድዩንም ታገኙታላችሁ።

የቤት ሥራ፦ «እናቴ ሥራዬን እንዳልለቅ ከለከለችኝ» የሚለውን በጀርመንኛ ጻፉልን። መጀመሪያ ግን ወስኑ፦ እናትየው አዘዙ፣ መከሩ ወይስ በር ዘጉ? መልሳችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ። ጀርመንኛ ለሚማር ጓደኛችሁም አጋሩት።