የመረብ ማጣሪያን ከሩቅ ማዘዝ ቅድመ ዝግጅት ይጠይቃል

ጅማ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኮምፒውተር መረብ መተሳሰራቸው ሥራን የማቀላጠፉን ያህል መግቢያውን የመጠበቅ ኃላፊነትም አስከትሏል። ፌዴራልን፣ ክልልንና ወረዳን የሚያገናኘው ወረዳ ኔት የተዘረጋው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

መረጃ በመረብ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው። የፓኬት ማጣሪያ የእያንዳንዱን መነሻ፣ መድረሻና የሚፈልገውን አገልግሎት መርምሮ ያሳልፋል ወይም ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከኦፕን ቢኤስዲ ጋር የቀረበው ፒኤፍ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ባለሙያው የሚያዘውም ፒኤፍሲቲኤል የተሰኘውን ትእዛዝ በመጻፍ ነው።

በፒኤፍ መደበኛ አሠራር ሁለት ደንቦች ሲቃረኑ የሚጸናው በመጨረሻ የተጻፈው ነው። በሊኑክስ የተለመደው አይፒቴብልስ ግን አስቀድሞ የተጻፈውን ይፈጽማል። ይህን ልዩነት የዘነጋ ባለሙያ ጅማ ተቀምጦ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው አጋሮ ያለን ማሽን ሲያስተካክል የራሱን መግቢያ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ተሽከርካሪ አስነሥቶ መሄድ ግድ ይሆናል፤ በቡና ግብይት ወቅት ከሆነም ባለጉዳዩ ይጉላላል።

ስለሆነም አዲሱ የደንብ ፋይል ከመጫኑ በፊት «ኤን» በተባለው አማራጭ ሊፈተሽ ይገባል። ፍተሻው የአጻጻፍ ስሕተትን እንጂ የሐሳብ ስሕተትን አያሳይምና፣ የቀድሞው ፋይል ከ5 ደቂቃ በኋላ በራሱ እንዲጫን አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የተከፈተው ግንኙነት ሳይቋረጥ ሊቀጥል ስለሚችል ውጤቱ የሚረጋገጠው አዲስ ግንኙነት በመክፈት ነው፤ ከተሳካ ቀጠሮው ይሰረዛል።

የሥራ ኃላፊዎችም ማን፣ መቼና ለምን ደንብ እንደለወጠ በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።