የፋይል ስምና የአባሪ መሰናከል

በኢሜይል የተላከ የጥናት ጽሑፍ ውስጡ ምንም ሳይጐድል፣ በስሙ ምክንያት ብቻ ከተቀባዩ ዘንድ የማይከፈት ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ባለፈው ዓመት በአንድ ባልንጀራዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጽሑፉን በማስረከቢያው ቀን ማታ ላከ፤ ለመምህሩ የደረሰው ግን ስም የለሽና የማይከፈት ፋይል ነበር። ስለዚህ ጊዜ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ የተበላሸ ፋይል እንደ ላከ ተጠረጠረ። ያንኑ ፋይል ስሙን ለውጦ ዳግመኛ ቢልከው ወዲያው ተከፈተ፤ ነገር ግን ቀኑ አልፎ ነበርና ማርኩ ተቀነሰበት። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መሰናክል ከምን እንደሚመጣ መግለጽ ነው።

መጀመሪያ የኮምፒዩተሩን ሕግ እንመልከት። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክቶችን አይቀበልም፤ እነርሱም \ / : * ? " < > | ናቸው። ምልክቶቹ የተከለከሉት ሌላ ሥራ ስላላቸው ነው። ለምሳሌ ሁለቱ ነጥብ (:) የዲስኩን መለያ ፊደል ከቀረው አድራሻ ይለያል፤ ኮከቡ (*) በፍለጋ ጊዜ «ማናቸውም ስም» ለማለት ያገለግላል። በሊኑክስ ግን ከሚታዩት ምልክቶች የተከለከለው እዝባር (/) ብቻ ነው። በማክ ኮምፒዩተር ደግሞ ተጠቃሚው በፋይሉ ስም ላይ እዝባር ቢጽፍ ይፈቀድለታል። እንግዲህ በአንዱ ዘንድ የተፈቀደው በሌላው ዘንድ የተከለከለ ነው።

ይህ ነገር አማርኛ ጸሐፊዎችን በተለይ ይነካል፤ ዓ/ም፣ ት/ቤት፣ ዶ/ር፣ ገ/ማርያም እያልን በእዝባር ማሳጠር ልማዳችን ነውና። በማክ «የት/ቤት ጥናት» ተብሎ የተሰየመ ፋይል ዊንዶውስ ላለው ሰው ሲደርስ በዚያው ስም ሊቀመጥ አይችልም። እንዲሁም ፡ እና : ለዓይን ቢመሳሰሉም ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ናቸው፤ የእኛው ፡ በዊንዶውስ ሲፈቀድ የላቲኑ : ይከለከላል።

ሁለተኛው ምክንያት ኢሜይሉ ራሱ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ የተመሠረተው 128 ምልክቶች ብቻ ባሉት በአስኪ ሰንጠረዥ ላይ ነበር፤ በዚያም ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ለአባሪ መላክ መሠረት የሆነው የማይም ደንብ በ1992 ተከተለ። ከአስኪ ውጭ የሆነ የአባሪ ስም እንዴት እንደሚጻፍ የተወሰነው ግን በ1997 ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው።

በ1997ቱ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክት (%) እና በሁለት የኮድ አኃዞች ይጻፋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ሲላክ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ ባለ 30 ፊደል ስምም ወደ 270 ያድጋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ይህን ደንብ ትተው ለኢሜይሉ ርእስ የተሠራውን ሌላ አጻጻፍ ይጠቀማሉ። ላኪው በአንዱ ጽፎ ተቀባዩ ሌላውን ብቻ የሚያነብ ከሆነ ስሙ ይበላሻል ወይም ይጠፋል፤ «ፒዲኤፍ» የሚለውም ቅጥያ አብሮት ሊጠፋ ይችላል። ቅጥያው ከሌለ ዊንዶውስ ፋይሉን በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው አያውቅም። በባልንጀራዬ ጽሑፍ ላይ የታየው ምልክት ከዚህ ጋር ይስማማል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው።

1ኛ፤ ስሙ አጭር ይሁን፤ በፊደልና በቍጥር ብቻ ይጻፍ፤ በቃላት መካከል የታች ሰረዝ (_) ይግባ።

2ኛ፤ ቀን ሲጻፍ በእዝባር ፈንታ አጭር ሰረዝ ይደረግ።

3ኛ፤ የተቀባዩ ፕሮግራም የማይታወቅ ሲሆን የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ይሻላል። ይህ አማርኛን መተው አይደለም፤ አማርኛው በጽሑፉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይኖራልና።

4ኛ፤ ከተላከ በኋላ መከፈቱን መጠየቅ አይገባም አይባልም።

መምህራንም የማይከፈት ፋይል ሲደርሳቸው፣ ከላኪው ጠይቀው የጠፋውን ቅጥያ በስሙ መጨረሻ ላይ ቢጽፉበት ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ተማሪውን ከማይገባው ጥርጣሬ ያድነዋል።