ተጨማሪ መረጃ፦ ጭላዳን ሳይነኩ መመርመር

ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው የመንዝ ጓሳ፣ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ይውላሉ። አንዳንዶቹ ላይ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ እብጠት አለ። መንስኤው ቴኒያ ሲሪያሊስ የተባለ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ጎልማሳው ትል በውሻና በውሻ ዘሮች አንጀት ይኖራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ይቀራል። ጭላዳው እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ሲውጠው ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በሰውነቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል።

ተመራማሪዎቹ ንጋ ንጉዬን፣ ፒተር ፋሺንግና ባልደረቦቻቸው የጓሳን ጭላዳዎች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ እብጠት ያለባቸው ጭላዳዎች ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው የታመሙ እናቶች ግልገሎችም በብዛት መሞታቸው ነው።

ከባዱ ጥያቄ ምርመራው ነበር። ከረጢቱ ሆድ ዕቃ ውስጥ ካለ በዓይን አይታይም፤ ደም ለመውሰድ ደግሞ የዱር እንስሳውን ይዞ ማደንዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህም ለሕይወቱ ያሰጋል። በስሜን ተራሮች ጭላዳዎች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት መፍትሔ እጅግ ብልህ ነው፦ የጭላዳውን ሽንት በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ ወደ ላቦራቶሪ መላክ። እዚያ የትሉን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፤ ፕሮቲኑ ካለ በቀለም ይታወቃል።