አክስቴ ያልሳቀችበት ቀልድ

በሰሜን ቺካጎ፣ አንዲት ጠባብ ባር ውስጥ ነን። ዐሥራ አራት ወንበር፣ አንድ ግማሽ ክብ ጠረጴዛ፣ በላዩ አረንጓዴ ከፋይ። ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ምትሃተኛ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሆዱ ከሰደርያው የሚቀድም ሰው ነው። ጣቶቹን ብቻ ያየ ግን በገና ደርዳሪ ይለዋል። በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ወረቀቱን አንብቤ የተሳቀቅሁት አብራኝ ስላለችው አክስቴ ነው። ዕድሜዋ 68 ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ። ቲኬቱ የተገዛው ለባለቤቴ ነበር፤ እሷ በመጨረሻው ሰዓት የሌሊት ተረኛ ሆነች፣ ገንዘቡ ደግሞ አይመለስም። «ካርታ የሚጫወት ሰው ነው እታለም፣ ትንሽ ያዝናናሻል» ብዬ አመጣኋት። ቀልዱ ባለጌ እንደሆነ አልነገርኳትም። እንግሊዝኛዋ ከ«ሄሎ» እና ከ«ባይ» ስለማያልፍ ምን ይጎዳታል ብዬ ነው።

ሰውየው መጀመሪያ ያወጣው ሁለት ቀይ የስፖንጅ ኳሶች ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ወጣት አንዱን አስጨበጣት። ሌላውን በራሱ መዳፍ ይዞ አሸት አሸት አደረገና ሲከፍተው ባዶ። እሷ ስትከፍት ሁለት። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም በቴሌቪዥን ያየነው ነው። «አጥብቀሽ ያዢው፤ ሲሞቀው ይባዛል» አላት፤ ቤቱ ሳቀ። እንደገና አስጨበጣት። እጇን ስትከፍት ከውስጥ ተስፈንጥሮ የወጣው ግን ሦስተኛ ኳስ አልነበረም። ምን እንደነበር በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፤ ከስፖንጅ የተሠራ፣ ቀይ፣ ሔዋን የሌላት ነገር ነበር በሉት። ልጅቷ ጮኸች፣ ጓደኛዋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ የአክስቴን ፊት ለማየት አልደፈርኩም።

ቀጥሎ የጋብቻ በዓላቸውን ሊያከብሩ የመጡ ባልና ሚስት ተራ ሆነ። ሁለቱም አንድ አንድ ካርታ መረጡ፣ በማርከር ስማቸውን ፈረሙበት። ምትሃተኛው ሁለቱን ካርታዎች ፊት ለፊት አስተኛቸውና ባልየውን ትኩር ብሎ አየው። «ማን ከላይ ይሁን?» ባል ዝም። ሚስት እጇን አወጣች። ቤቱ በሳቅ ሲደረመስ ሰውየው ካርታዎቹን በሚስት መዳፎች መካከል ከተተና «ብርድ ልብሱን ደርቡላቸው፣ እኛም ወደዚያ ዞር እንበል» አለ። እጇን ስትከፍት አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷል፤ በአንዱ ፊት የባል ፊርማ፣ በሌላው የሚስት። ጀርባ የሚባል ነገር የለውም። ይህን ትርዒት በባር ምትሃተኞች ዘንድ ያስታወቀው የኮሎራዶው ዶክ ኢሰን ነው፤ አብዛኛው ምትሃተኛ ለስለስ ባለ የፍቅር ወግ አጅቦ ያቀርበዋል። የእኛው ሰውዬ ወጉን ወደ መኝታ ቤት ወሰደው። ሚስትየዋ ግን ያንን ካርታ እንደ ሥዕለ አድኅኖ በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ነገር በትልቅ መድረክ አይገኝም። በትልቅ መድረክ ተአምሩ ከሩቅ ይታያል፤ እዚህ በገዛ እጅህ ውስጥ ይፈጸማል።

ቺካጎ ለዚህ ሙያ እንደ ጎጃም ለቅኔ ናት ብል ብዙ አላጋንንም። ማት ሹሊን የሚባል ግዙፍ ሰው በቤተሰቡ ምግብ ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እንግዳ ያስቅ ነበር። ሙሉውን ካርታ ወደ ግድግዳ ይወረውረዋል፤ ሁሉም ሲረግፍ እንግዳው የመረጠው አንዱ ብቻ ተሰክቶ ይቀራል። ከባንኮኒ ጀርባ እየቀዳ ምትሃት ይሠራ የነበረው ሂባ ሃባ አልም የዚችው ከተማ ሰው ነበር። ዛሬም ክላርክ ጎዳና ላይ ቺካጎ ማጂክ ላውንጅ የሚባል ቤት አለ፤ ከውጭ ሲያዩት ልብስ ማጠቢያ ነው። ሸሚዝህን ይዘህ ብትገባ አይፈረድብህም፣ ባሩ ያለው ከማጠቢያ ማሽኖቹ ጀርባ ነው።

ወደ ብልግናው ልመለስ። መጀመሪያ ላይ ቀልዱ ቅመም፣ ምትሃቱ ወጡ መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ሳስተውል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሲስቅ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዓይኑ ይጠባል። ባለጌ ቀልድ ሲሰማ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ወደ ጎረቤቱ ያያል። «እሷም ሳቀች? እኔስ መሳቅ ነበረብኝ?» ይላል። ዐሥራ አራት ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ በዚያች ቅጽበት የምትሃተኛውን እጅ የሚያይ ማነው? እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈው ምትሃተኛ ታላቁ ቶምሶኒ፣ በእውነተኛ ስሙ ጆኒ ቶምፕሰን፣ ሳቅ ጊዜን ያቆማል የሚል ትምህርት ለሙያ አጋሮቹ ትቷል። ንጹሕ ቀልድ ጊዜን ለአፍታ የሚያቆም ከሆነ፣ ባለጌው ቀልድ ሰውን ስለሚያሳፍር ያቺን አፍታ ያረዝማታል።

የአማርኛ ጆሮ ላለው ይህ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል፣ ሸሚዝህን ያያል፣ አጠገብህ ያለችውን ያያል፣ አንድ ስንኝ ጣል ያደርጋል። ሰሙ ስለ ጎተራና ስለ ቁልፍ ነው። አንተ ወርቁን ስትፈልግ፣ አግኝተኸው ስትቀላ፣ እሱ የሚቀጥለው ጠረጴዛ ደርሷል። ሰም የሚታየው እጅ፣ ወርቅ የማይታየው እጅ ነው። ቶኒ ስላይዲኒ የተባለው የኒውዮርክ የምትሃት ሊቅ ይህንኑ በወረቀት ይሠራው ነበር። አንዱን ተመልካች ወንበር ላይ አስቀምጦ የተጨማደደ ወረቀት ይሰውርበታል፤ ወረቀቱ ግን በሰውየው አናት ላይ አልፎ ወደ ኋላ ይወረወራል። አዳራሹ በሙሉ ያያል፣ ያ ምስኪን ብቻ አያይም። ወርቁ ለሁሉም ተገልጦ ለአንድ ሰው ብቻ እንደ ተደበቀበት ቅኔ ማለት ነው። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥን ለጠላቴም አልመኝ።

በነገራችን ላይ፣ ባለጌ ቀልድ ሁሉ ሥራ አለው ማለቴ አይደለም። በዚያ ምሽት ስለ አማት የተነገረ አንድ ቀልድ ነበር፣ ከእሱ በስተጀርባ ምንም ምትሃት አልተሠራም፤ ደረቅ ስድብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ባለጌ አንደበትና እንዲህ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚሠራው የቅርብ ምትሃት አብረው ሲነሱ በብሪታንያ ከሚጠሩት አንዱ ጄሪ ሳዶቪትዝ ነው፤ ግላስጎው ያደገ፣ በካርታ እጁ ባለሙያዎች የሚመሰክሩለት፣ በአንደበቱ ግን ማንንም የማይምር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 በኤድንብራ ፍሪንጅ ፌስቲቫል ላይ ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ አዘጋጁ ፕሌዛንስ ሁለተኛውን ትርዒቱን ሰረዘበት። ስለ ስረዛው ክርክሩ ብዙ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አምናለሁ፦ እጁ ያን ያህል የሚችል ሰው አፉ ሲጮህ የሚጎዳው መጀመሪያ እጁን ነው፤ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያወራው ስለ ካርታው አይሆንምና።

አሁን ስለ አክስቴ።

ሦስተኛው ትርዒት የሳንቲም ነበር። ሰውየው ትልቅ የብር ሳንቲም ይዞ፣ ስለ አንድ ቄስና ስለ አንዲት መበለት ወግ ጀመረ። የወጉ ጫፍ ሲደርስ ሁላችንም ተንከተከትን። ሳንቲሙ ከእጁ ጠፋ። ሳቁ ሳይበርድ ከጎኔ በጠራ አማርኛ፣ በጉልት ገበያ ድምፅ፣ እንዲህ የሚል ተሰማ፦

«ኪሱ ከተተው እኮ!»

ምትሃተኛው ዞር አለ። «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም» አልኩ።

«ምንም ለማለት ይህን ያህል አይረዝምም።»

ተርጉሜ ነገርኩት። ለአፍታ ጸጥታ ሆነ፣ ከዚያ ሳቁ በእሱ ላይ ዞረ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣትና በሌላ ሳንቲም፣ በሌላ ቀልድ እንደገና ጀመረ። እንደገና ሳቅን። አክስቴ ሻይዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «አሁን ደግሞ በግራ እጁ ነው። እናንተ ዓይን የላችሁም እንዴ?» እውነቷን ነው፣ አልነበረንም። ቀልዱ ስላልገባት አልሳቀችም፤ ስላልሳቀች አልተሰረቀችም። በልጅነቴ መርካቶ «ቀይዋን ያየ!» እያሉ ሦስት ካርታ የሚያሽከረክሩትን ቆማ ስታይ ትዝ ይለኛል፤ ያኔም ወሬውን ሳይሆን ክንዱን ነበር የምታየው።

ጉስታፍ ኩን እና ቤንጃሚን ታትለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የተመልካቾችን ዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ምትሃተኛው ዕቃውን ጭኑ ላይ በግልጽ ሲጥለው አብዛኞቹ ተመልካቾች በመጀመሪያው ጊዜ አላዩትም፤ ዓይናቸው ወደዚያ አካባቢ ማተኮሩ ወይም አለማተኮሩም ለውጥ አላመጣም። ዓይን እያየ ልብ ካላየ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው። የአክስቴ ልብ ቄሱና መበለቷ ጋ አልሄደም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሰውየው ይህ ገብቶታል። የእውነተኛ ባለሙያ ምልክቱም ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው፦ ዝም አለ። ያን ሁሉ ሰዓት ያላቋረጠ አፉ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1922 ምትሃተኛው ዳይ ቨርነን በዚሁ በቺካጎ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ማንኛውንም ምትሃት ሦስት ጊዜ ካየሁ እደርስበታለሁ ይል የነበረውን ሃሪ ሁዲኒን በአንዲት ካርታ ደጋግሞ እንዳሸነፈው የሙያው ሰዎች ሲያወሩ ይኖራሉ። ሁሉን የምትደርስበትን አክስቴንና ዝም ያለውን ምትሃተኛ ሳይ ያ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሳንቲሙን ከፋዩ ላይ አኖረ። ከጠረጴዛው ዞሮ ወደ አክስቴ መጣ፣ ዝቅ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ሰላምታ መስሏት እጇን ሰጠችው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመና ግንባሩን አስነካው። እንዲህ ያለውን ከየት እንደተማረው እግዜር ይወቅ።

«ኧረ በሥላሴ!» አለች አክስቴ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ ዓይኗን ሰብራ።

ዓይኗን ሰበረች። ሁላችንንም ሙሉ ምሽት ያሸነፈው ነገር እሷንም አገኛት፤ አንድም ባለጌ ቃል ግን አልወጣውም። ቀና ስትል ሰውየው በአገጩ ወደ ሻይ ብርጭቆዋ አመለከታት። ብርጭቆውን አነሳችው። ሳንቲሙ ከሥሩ ነበር፤ ላዩም ከሻዩ ሙቀት ለብ ብሏል።

ትንሽ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የአንድ ዶላር ኖት አወጣች፣ ዘርግታ አስተካከለች፣ ተነሥታም ላብ ችፍ ባለበት ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። ያ ምላሰኛ በዚያች ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። ዶላሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ቆሞ እኔን አየኝ፤ ትርጉም ፈልጎ ነው። የአዝማሪ ቤትን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት ሞከርኩ። ዶላሩን አላወረደውም፤ የመጨረሻውን ትርዒት እንደዚያው ሆኖ ጨረሰ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመንገዱን መብራት ታያለች። በኋላ፣

«ለመሆኑ ያ ሰውዬ ምን እያለ ነው እንደዚያ ያንከተከታችሁ?» አለችኝ።

«ስለ... ስለ ትዳር ነው እታለም።»

«ስለ ትዳር ምን?»

«እንዲሁ፣ ተቻችሎ ስለ መኖር።»

ቀይ መብራት ያዘን። አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ያንን ቀይ ስፖንጅም ለመቻቻል ነው ያወጣው?»