የኒሯቅ ማሽላ በወረቀት ላይ ሲበቅል

በኒሯቅ አካባቢ ማሽላ የዘራ ገበሬ ነሐሴ ላይ ዝናብ ቢያጥረው፣ ምርት እንደማይኖር እኛ የምንሰማው መቼ ነው? በ1977 ዓ.ም. እንደሆነው ሕዝቡ ቀዬውን ጥሎ ከወጣ በኋላ ከሆነ ጊዜው አልፏል። እህል ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ሰቆጣ እስኪደርስ ወራት ይፈጃልና። እነዚያን ወራት ለማትረፍ የሚረዳ አንድ ሒሳብ አለ።

ሒሳቡን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። መሬቱን እንደ ጋን ይቆጥረዋል። ዝናብ ይሞላዋል፤ ሰብሉ ይጠጣዋል፤ ከሞላ በኋላ የተረፈው ፈስሶ ይሄዳል። በየዐሥር ቀኑ ጋኑ ይለካል።

እስቲ በእርሳስ እንሞክረው፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። በተዳፋት ላይ ያለ ስስ አፈር 40 ሚሊሜትር ውኃ ብቻ ይይዛል እንበል። ማሽላው በየዐሥር ቀኑ 40 ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዐሥር ቀን 100 ዘነበ፤ ሰብሉ 40 ጠጣ፣ 40 በአፈሩ ቀረ፣ 20 ወንዝ ወሰደው። በሁለተኛው ምንም አልጣለም፤ የተቀመጠውን 40 ጠጣ። በሦስተኛው 10 ብቻ ዘነበ፤ ያንኑ 10 አገኘ። በአራተኛው 50 ዘነበ፤ 40 ጠጣ። ሲደመር የዘነበው 160፣ ሰብሉ የፈለገውም 160 ነው። ያገኘው ግን 130፣ ማለት ከመቶ 81 ነው። ያው ዝናብ 60 በሚይዝ የሸለቆ አፈር ላይ ቢጥል 94 ይሆን ነበር። «ዘንድሮ ዝናቡ ደኅና ነው» የሚል ወሬ ለምን እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል። ውጤቱ ከ50 በታች ከወረደ ሰብሉ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ገና ያልመጡት ቀኖችስ? በእነርሱ ምትክ ያለፉት ዓመታት ዝናብ ይገባል፤ አንድ ጊዜ የክፉው ዓመት፣ አንድ ጊዜ የመልካሙ። ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ያዘጋጀው «ሊፕ» የተባለ ፕሮግራም ይህን ስሌት ለየወረዳው እየሠራ፣ ውጤቱን ወደ ተረጂዎች ቁጥርና ወደ ሚያስፈልገው ገንዘብ ይመነዝር ነበር።

ሆኖም ሒሳቡ የሚያውቀው ውኃን ብቻ ነው። አንበጣን አያውቅም፤ በረዶን አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ሲገባ፣ ጦም ባደረው ማሳ ላይ ወረቀቱ ማሽላ ማብቀሉን አይተውም። ደግሞም መለኪያ በሌለበት ቦታ ዝናቡ የሚገመተው ሳተላይት ካየው የደመና ቅዝቃዜ ነው፤ በዋግ ግን አንዱን ጋራ አርሶ ሌላውን የሚዘል ዝናብ ብዙ ነው።

ስለዚህ የዝናብ መለኪያ በእጃችሁ ያለ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ በየማለዳው በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡት። ዝናብ ያልጣለበትን ቀን ባዶ አትተዉት፤ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ባዶ ቦታ ለኮምፒዩተሩ «አልተለካም» ማለት እንጂ «አልዘነበም» ማለት አይደለም።